ለሽምግልና ሽንፋ ወርጄ ጦጣ ስጠብቅ

ከቆላ ከተመለስሁ ጀምሮ ልብስ ሊያሰፋ ሱቄ የሚገባ ሁሉ ትከሻውን ሳያስለካኝ በፊት ስለ ጉዞዬ ይጠይቀኛል። «ጠቆርህሳ» የሚል አለ፤ «ሙሽራይቱስ የታለች?» የሚል አለ፤ «ጦጣ ጠበቅህ የሚባለው እውነት ነው?» ብሎ አፉን በጋቢው የሚሸፍንም አለ። ለእያንዳንዱ ስመልስ መቀሴ ሥራ ፈታ። ስለዚህ ነገሩን ከነመንገዱ ጽፌ ስፌት መኪናዬ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። ደባርቅ ተወልዶ ደባርቅ ላረጀ፣ ሽንፋን በዓይኑ ላላየና ለማያይ ሰው ይበቃዋል።

መጀመሪያ የሄድሁበትን ልንገራችሁ። አማረን ታውቁታላችሁ፤ የሟች እኅቴ ልጅ ነው፣ ከዚሁ ሱቅ ጨርቅ ስር ነው ያደገው። ጢሙ ሳይበቅል ቆላ ወርዶ ሸሕዲ ላይ የሐጂ እንድሪስ ትራክተር ነጂ ሆነ። እዚያው ከሽንፋ ወንዝ ዳር ትርንጎ የምትባል ልጅ ወደደ። ሐጂ አምና ለብቻቸው ሄደው አባትዋን ቢጠይቁለት ሰውየው «ልጄን ለብርድ አልሰጥም» ብሎ መለሳቸው። አማረ ደወለልኝና «አጎቴ፣ አንተ መጥተህ ካላስረዳህልኝ ነገሩ አልቆለታል» አለ። እኔም ከሱቄ ጀርባ ያለችውን ክፍል አስለስኜ፣ በር አስገጥሜ፣ ሁለቱ መጥተው አጠገቤ የሚኖሩበትን ቀን እያሰብሁ ነበር። ልጅ የለኝም፤ ያለኝ እሱ ነው። ስለዚህ ቆላ የምወርደው አንድ ነገር ለማስረዳት ነው፦ ደባርቅ የሚወራበትን ያህል አይበርድም።

ለዚህ ጉዳይ የሚመጥን ኮት ሰፋሁ። ወፍራም፣ ገበሩ ድርብ፣ አንገቱ ሲቆም እስከ ጆሮ የሚደርስ። ኮቱና የምናገረው ነገር እርስ በርሳቸው እንደሚጣሉ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያው ቀን

አብረውኝ የወረዱት ቄስ ጥሩነህ ናቸው። ሽምግልና ያለ ቄስ አይሆንም፤ በዚያ ላይ እሳቸው መስቀላቸውን አውጥተው ሲናገሩ እምቢ ማለት ያስቸግራል። ገና ከመነኻሪያ ሳንርቅ ግን መስቀሉን ያወጡት ለሚኒባሱ ሾፌር ሆነ። «ልጄ፣ ቀስ በል» ይላሉ፤ ልጁ መስቀሉን ተሳልሞ ይብስ ይነዳል። ዳባት ላይ ለቁርስ ስንወርድ ቄሱ ሁለት እግራቸውን መሬት ላይ ካቆሙ በኋላ «አሁን ከሆነ ከኃጢአቱ ልፈታው እችላለሁ» አሉ። ፍርፍሩ ጥሩ ነበር። ሂሳቡን ሾፌሩ ቀድሞ ከፈለልን፤ እኔ እንኳ አመሰገንሁት፣ ቄሱ ግን «የኃጢአቱ ማቅለያ ነው» አሉ።

ጎንደር ያደርንበት አልጋ ቤት ባለቤት ደግ ሴት ነች። ሁለተኛ ብርድ ልብስ ብጠይቃት «አባቴ፣ ይኸ ሁሉ በርድዎት?» ብላ ተደንቃ አመጣችልኝ። ጎንደር ለደባርቅ ሰው ሞቃት አገር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ብርድ ልብስ ደረቴ ላይ ካልከበደኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። ቄስ ጥሩነህ ከአልጋቸው ሆነው «ሸሕዲ ላይ ሦስተኛውን እንዳትጠይቅ፤ የሄድንበትን ነገር ታበላሻለህ» አሉኝ።

ሁለተኛው ቀን

ከጎንደር ወደ መተማ የሚወስደው መንገድ እስከ አይከል ድረስ የራሳችን አገር ነው። ጤፍ አለ፣ ጠዋት ጠዋት ቁር አለ፣ ሰው ተከናንቦ ይሄዳል። ከአይከል በኋላ ግን መንገዱ ቁልቁል ይዘቀዘቃል። መጀመሪያ ጆሮዬ ተደፈነ፤ ቀጥሎ በመስኮቱ የሚገባው ነፋስ የዳቦ ቤት ምድጃ ሲከፈት እንደሚወጣው ሆነ። ቄስ ጥሩነህ ነጋዴ ባህር ላይ ጋቢያቸውን አወለቁ፣ ትንሽ ሄደን ካባቸውን አወለቁ። እኔ ግን ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ለክብር የተሰፋ ኮት መንገድ ላይ አይወልቅም ብዬ ጸናሁ። አጠገቤ የተቀመጠች ነጋዴ ሴት ላቤ ሲንጠባጠብ አይታ «አባቴ፣ ወባ ይዞዎት ነው?» ብላ የራስዋን ውሃ ሰጠችኝ። ሸሕዲ እስክንደርስ ከዓይኗ አላራቀችኝም። ኬላ ላይ ደግሞ ፈታሹ ኮቴን ሁለት ጊዜ ዳበሰው፤ በዚህ ሙቀት ይኸን የለበሰ ሰው አንድ ነገር ደብቋል ብሎ ነው። ያገኘው ከአንገቱ ስር የሰካኋትን መርፌ ነው፤ እሷም ጣቱን ወጋችው።

ሸሕዲ የመንገድ ዳር ከተማ ነች። እኛ አገር ሰው ፀሐይ ያረፈችበትን ግድግዳ ፈልጎ ይደገፋል፤ እነሱ ጥላ ያረፈበትን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ የከተማው ሰው በሙሉ ከመንገዱ በአንድ ወገን ቆሞ ታገኙታላችሁ። አማረ መነኻሪያው በር ላይ ጠብቆን ጉልበቴን ሳመና ቀና ሲል መጀመሪያ ያለኝ «አጎቴ፣ ኮቱን» ነው። እኔ ደግሞ «ልጅቱስ እንዴት ናት?» አልሁት። ጠይም ፊቱ በአንድ ጊዜ በራ። ያን ጊዜ ይኸ ነገር እምቢ ከተባለ ልጁ እንደማይድን ገባኝ።

ሐጂ እንድሪስ ግቢ ገብተን ባምያ ወጥና የማሽላ እንጀራ በላን። ባምያ እንደምታውቁት ይዝለገለጋል፤ ቄስ ጥሩነህ እንጀራውን ከፍ ባደረጉ ቁጥር ወጡ ክር ሆኖ ጢማቸው ድረስ ይከተላቸዋል። ሐጂ ሳቃቸውን ይዘው ጣታቸውን እንዴት ጠምዘዝ አድርገው እንደሚቆርጡት አሳዩአቸው። ከዚያ ነገሩን አነሱ። «የመጣችሁበት ጊዜ ክፉ ነው» አሉን። «ሰሊጥ አፉን ሊከፍት ደርሷል። ከተሰነጠቀ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ ማንንም አይጠብቅም። በዚህ ሰሞን ገበሬ የሞተ እንኳ ቢኖርበት ቶሎ ቀብሮ ይመለሳል እንጂ ሽማግሌ አይሰማም። ግን እንሞክራለን፤ ጠዋት መኪና እልካለሁ።» ከደጅ፣ ሰማይ ስር፣ የጠፍር አልጋ ዘርግተውልን ተኛን። ጣሪያ የሌለው መኝታ ስተኛ የመጀመሪያዬ ነው፤ ኮከቡ ሁሉ እኔን የሚያይ መስሎኝ ኮቴን እንደለበስሁ ተኛሁ።

ሦስተኛው ቀን

ማለዳ ቄሱ ጸሎት ላይ ሳሉ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ከሻይ ቤቱ ስመለስ ብዙ ሰው ከመንገዱ ዳር ቆሟል፤ እኔም የሐጂን መኪና እዚያው ልጠብቅ ብዬ በትሬን ተደግፌ ከመሀላቸው ቆምሁ። የቆምሁበት ቦታ የሰሊጥ አጫጆች የሚቀጠሩበት መሆኑን ሸሕዲ ውስጥ የማያውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ። እነዚህን ከጎጃም ከወሎ ለአጨዳ የሚወርዱ የወቅት ሠራተኞች ሳሉግ ይሏቸዋል። አንድ የጭነት መኪና መጥቶ ቆመ፤ ጋቢናው ውስጥ ነጭ ጥምጥም አየሁ። ቄስ ጥሩነህ ቀድመውኝ ተሳፍረዋል አልሁ። የሠራተኞቹ አለቃ፣ እነሱ ካቦ የሚሉት፣ ወረደና ወደ እኔ መጣ።

«አባት፣ ሽንፋ ይሄዳሉ?»

«እንዴታ» አልሁ።

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ጉልበትስ?»

ሐጂ ስለ ጤናዬ እንዲጠይቅ ያዘዙት መስሎኝ «እግዜር ይመስገን» አልሁት።

«እንግዲያውስ ይውጡ።»

ከላይ ተጫንሁ። ሐጂ ከቄስና ከእኔ ጋር ሠላሳ የሚሆን ጎረምሳ ለምን እንደሚልኩ ትንሽ ገረመኝ፤ ሽምግልናውን ሊያደምቁት ይሆናል ብዬ ተውሁት። ልጆቹ ጨዋዎች ናቸው። አንዱ የጎጃም ልጅ ማዳበሪያውን አንጥፎ አስቀመጠኝና ዳቦ ቆሎ እያካፈለኝ «አባቴ፣ ዘንድሮ ቤትዎ ምን ቢቸግር ነው በዚህ ዕድሜዎ የወጡት?» አለኝ። «ልጄን ብዬ ነው» አልሁት። ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔም ምን ዓይነት ሩኅሩኅ ልጅ ነው ብዬ ተደነቅሁ።

መንገዱ ዋልካ ነው፤ በክረምት የዋጠውን ጎማ ገና ያልተፋ ጭቃ አለ። ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። በሦስተኛው ጋቢና ያሉት ቄስም ወርደው ይግፉ እንጂ ብዬ ዞር ብል፣ ባለ ጥምጥሙ ወርዶ ተንጠራራ። ጢሙን በሂና ያቀላ የሽንኩርት ነጋዴ ነው። ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። ካቦው ደግሞ ከመኪናው ሥር ማጭዶች አውጥቶ ሲያድል ለእኔም አንድ ሰጠኝ። እጄ ላይ ያለውን ማጭድ ሳይ የጎጃሙ ልጅ ለምን እንዳዘነልኝ ገባኝ። ለመመለስ መኪና የለም፤ ወደፊት ደግሞ ሽንፋ ነው፣ እኔም የምፈልገው ሽንፋ ነው። ማጭዱን ብብቴ ስር አድርጌ ሄድሁ።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ግን የደረሰብኝን ረሳሁት። የእኛ አገር ወንዝ ገደል ለገደል እየጮኸ ይሮጣል፤ ሽንፋ ሰፍቶ፣ ደፍርሶ፣ ሰው ደጃፍ ላይ ቀስ እያለ ያልፋል። ከማዶ የሣር ክዳን ቤቶች በማንጎ ዛፍ ስር ተደርድረዋል፤ ከቤቶቹ እስከ ውሃው ድረስ የጓሮ አትክልት ነው፤ ሴቶች ዕቃ ያጥባሉ፣ አንድ ሰው መረብ ይጠግናል። ደባርቅ ላይ ለአንድ እንስራ ውሃ ምን ያህል እንደምንወርድ አስቤ ቅናት ቢጤ ተሰማኝ።

መሻገሪያው የተነፋ የትራክተር ጎማ ነው፤ ከላዩ ሳንቃ አስረውበታል። ጎረምሶቹ ገመድ ይዘው በዋና ተሻገሩ፤ እኔን ስለ ዕድሜዬ ሳንቃው ላይ አስቀምጠው ሁለት ዋናተኞች ይገፉኝ ጀመር። መሀል ላይ ስንደርስ አንድ ጥቁር፣ ረዥም፣ ጀርባው ሻካራ ነገር በውሃው ላይ ወደ እኔ ሲመጣ አየሁ። «አዞ» አልሁና ዘለልሁ። የዘለልሁት ወደ ውሃው ነው፤ አዞው ወዳለበት። በኋላ እንደሰማሁት አዞው የዋንዛ ግንድ ነበር። ኮቴ ውሃውን ጠጥቶ ጠጥቶ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ወደ ታች ይጎትተኛል። ከዚያ አንድ እጅ ከአንገቴ ላይ ኮሌታዬን ጨብጦ ወደ ዳር ሳበኝ። ስፌቱ አልተተረተረም። እየሰጠምሁም ቢሆን ይኸ ደስ ብሎኛል።

ያወጣኝ ሰው ከእኔ በጥቂት ዓመት የሚያንስ፣ ደረተ ሰፊ ገበሬ ነው። እኔን አሸዋው ላይ ጋድም አድርጎ ካቦውን ይቆጣ ጀመር። «አጫጅ አምጣ ብልህ የሰው አያት ታመጣልኛለህ? ምን ልታደርጋቸው ነው፣ ልትቀብራቸው ነው?» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን አለሰለሰ። «አይዞዎት አባት። እዚህ ማንም ማጭድ አያስይዝዎትም። ይብሉ፣ ይረፉ። ከፈለጉ ጓሮውን ከጦጣ ይጠብቁልኛል፤ እሱ ቀላል ነው።» የራሱን ነጭ ጀለቢያ አልብሶኝ ቤቱ አስገባኝ። ባለቤቱ ሙቅ የማሽላ ገንፎ አቀረበችልኝ። በልቼ ስጨርስ አንዲት ወጣት ውሃ ልታስታጥበኝ መጣች፤ እናትየው «ትርንጎ፣ ሳሙናውንም» አለቻት። ሰውየውን ደግሞ ከደጅ አንዱ «አያ ተገኘ» ብሎ ጠራው።

እጄ ላይ ሳሙናው እንዳለ ደረቅሁ። አያ ተገኘ ማለት «ልጄን ለብርድ አልሰጥም» ያለው ሰው ነው።

አሁን ምን ላድርግ? ሽማግሌ ለብቻው ነገር አይከፍትም፤ ባልንጀሮቼ የሉም። ቢኖሩስ፣ ከውሃ ያወጣኝን፣ ጀለቢያውን የለበስሁለትን፣ ለአጨዳ የቀጠረኝን ሰው «የልጁ አሳዳጊ እኔ ነኝ» ልበለው? ነገ መንደሩ ሁሉ «የአማረ ዘመዶች አጎታቸውን ለሳሉግነት የሚልኩ ናቸው» አይልም? ሐጂ መጥተው እስኪያወጡኝ ዝም ልበል አልሁ። ስልኬም ውሃ ጠጥታ እንደ እኔው ዝም አለች።

አራተኛው ቀን

ጦጣ መጠበቅ ቀላል ነው ያለኝን ሰው እግዜር ይይለት። የእኛ አገር ጭላዳ ሣር የሚግጥ ጨዋ ነው፤ ሰው ሲያይ እሱም ሰው አየሁ ብሎ ዘወር ይላል። የሽንፋ ጦጣ ግን ሥራዋን ታውቃለች። አንድዋ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ ዓይኔን ትይዛለች፣ ሌሎቹ ከጀርባዬ ገብተው ፓፓያውን ያወርዳሉ። ወንጭፍ ሰጥተውኛል። ሐብሐቡ ላይ የሰፈረችውን አነጣጥሬ ብወነጭፍ እሷ ዞር አለች፣ ሐብሐቡ ለሁለት ተከፈለ፣ ከዚያ ተመልሳ ግማሹን ይዛ ሄደች። እስከ ምሳ ሰዓት እሷና እኔ በሽርክና ስንሠራ ዋልን።

ምሳ ያመጣችልኝ ትርንጎ ናት። የተሰበሩትን ሐብሐቦች አየች፣ ወንጭፉን አየች፣ ምንም ሳትል ቁርጥራጩን ለቅማ ለፍየሎቹ ወረወረችላቸው። ረዥም፣ ፈጣን፣ ስትራመድ መሬቱ የራስዋ መሆኑ የሚያስታውቅባት ልጅ ናት። ቃሪያውን ስታጠጣ፣ ቦዩን በእግርዋ ስትከፍትና ስትዘጋ ቁጭ ብዬ አየኋት። የአማረን ዓይን መረቅሁት።

እኔ ደግሞ እንግድነቴ እንዳይከብድ ብዬ፣ ሲያወጣኝ ትከሻው ላይ የተቀደደውን የአያ ተገኘን ሌላ ጀለቢያ በመርፌዬ እየጠገንሁ ነበር። ትርንጎ ሳህኑን ልታነሳ ጎንበስ ስትል ስፌቱን አየችና ቀጥ ብላ ቀረች። ጠርዙን በጣትዋ ዳሰሰችው።

«ይኸን አጣጣፍ አውቀዋለሁ» አለች ዝግ ብላ። «እንዲህ የተሰፋ ሸሚዝ የሚለብስ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቅ።»

አንገቴን ደፋሁ።

«አጎቱ ነዎት?»

«እባክሽ ልጄ፣ ሐጂ እስኪመጡ…»

ሳቋ መጣባት፤ በነጠላዋ አፈነችው። «እኔ ምንም አላየሁም። ዘወር ይበሉ፣ ከኋላዎ ፓፓያው ላይ ናቸው» ብላ ሄደች። ከዚያ በኋላ ከሰዓት የመጣልኝ ሻይ ወተትና ስኳሩ የበዛ ነበር።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አያ ተገኘ ከማሳ ተመልሶ ወንዙ ዳር አጠገቤ ተቀመጠ። የታጨደው ሰሊጥ ነዶ ነዶ እየታሰረ በክምር እንዲደርቅ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከእሱ ሲመለስ ልብሱ ሁሉ ሰሊጥ ሰሊጥ ይሸታል። እግሩን ውሃው ውስጥ ከተተ።

«አንቱ የደጋ ሰው ነዎት» አለኝ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ደባርቅን ያውቁታል?»

«ትንሽ ትንሽ» አልሁ።

«ይበርዳል?»

ለዚህ ጥያቄ ነበር ከአገሬ የወጣሁት። የተዘጋጀሁት ንግግር ግን በቄስና በሐጂ መሀል ቆሜ የምናገረው እንጂ በሰው ጀለቢያ ሆኜ አልነበረም። «ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው» አልሁት።

«ቀንስ?»

«ቀን ደመና ከሌለ ፀሐይ አለ።»

«ደመና ካለስ?»

«ያን ጊዜ ሰው ቤቱ ይሆናል።»

«ማታስ?»

«ማታማ የትም አገር ሰው ቤቱ ነው።»

አያ ተገኘ ውሃውን እያየ ሳቀ። ቀጥሎ ሳቁ ቀዘቀዘ። ሁለት ወንዶች ልጆች እንዳሉት ነገረኝ፤ አንዱ ሱዳን ተሻግሮ ድምፁ ጠፍቷል፣ ሁለተኛው ከተማ ገብቶ የሚደውለው ለበዓል ነው። «ትርንጎ ብቻ ቀረችኝ። አንድ ሐጂ አለ፣ ጥሩ ሰው ነው፣ ለደባርቅ ልጅ ስጣት ይለኛል። ልጁ መጥፎ ነው አላልሁም፤ ትራክተሩን ሲነዳ አይቸዋለሁ፣ የሰው ማሳ እንደ ራሱ ነው የሚያርስ። ብርዱን ምክንያት አድርጌ መለስሁት እንጂ ነገሩ ብርዱ አይደለም። እሷ ስትሄድ ይኸን ወንዝ ከማን ጋር ነው የማየው?»

«እኔም አንድ ልጅ ነው ያሳደግሁ» አልሁት፤ ፊቴንም ወደ ውሃው አዞርሁ። ለምን እንደመጣሁ ቢያውቅ ይኸን ሁሉ እንደማይነግረኝ አውቃለሁ፤ ልቡን የከፈተልኝን ሰው ልጁን ልወስድበት መምጣቴ አሳፈረኝ። እሱ ግን ፊቴን ማዞሬ ሐዘን መስሎት እጄን ያዘኝ።

አምስተኛው ቀን

ከረፋዱ ላይ ከማዶ ጥሪ ተሰማ። ከጓሮው ሆኜ ስመለከት ጎማው ላይ ቄስ ጥሩነህ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው ሐጂ እንድሪስ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ቄሱ አጠገባቸው ሌላ ግንድ ሲያልፍ እንኳ ዓይናቸውን አላርገበገቡም። ቅናቴ ተመለሰ።

የሽማግሌ ወግ በቆላም በደጋም አንድ ነው። የልጅ ጠያቂ እንደ እንግዳ ገብቶ አይቀመጥም። ባለቤቱ ተቀመጡ ይላል፣ እነሱ ነገራችን ሳይሰማ አንቀመጥም ይላሉ፤ እሺ እስኪባሉ ድረስ በትራቸውን ተደግፈው ይቆማሉ። ሁለቱም ግቢው መሀል ፀሐይ ላይ ቆሙ። አያ ተገኘ ከማሳ ተጠርቶ መጣ፤ ደስ እንዳላለው ፊቱ ያስታውቃል።

«ተቀመጡ» አላቸው።

«አንቀመጥም» አሉ ሐጂ። «ነገር አለን። ግን ነገሩን የምናነሳው ሦስት ሆነን ነበር፤ የልጁ አጎት ከደባርቅ መጥቶ ሸሕዲ ላይ ጠፍቶብናል። ሁለት ቀን ፈለግን። ሻይ ቤቱንም፣ ጤና ጣቢያውንም፣ ፖሊስ ጣቢያውንም አየን። ትላንት አንድ ካቦ፣ ኮት የለበሰ ሽማግሌ ወደ አንተ ጭኛለሁ ቢለን…»

አያ ተገኘ ቀስ ብሎ ወደ ጓሮው ዞረ። እኔ ወንጭፌን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ በጀለቢያው፣ ግማሽ ሐብሐብ በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ። ቄስ ጥሩነህ አማተቡ። ከቤት ውስጥ የትርንጎ ሳቅ ተሰማ፤ እናትየዋ «ዝም በይ» ስትላት እሷም ስትስቅ ተሰማ።

ማምለጫ የለም። ሐብሐቡን አስቀምጬ ሄጄ ከሁለቱ አጠገብ ቆምሁ። በትሬ ወንዙ ውስጥ ስለቀረ ወንጭፉን ተደገፍሁ ብላችሁ አታምኑኝም።

አያ ተገኘ ሦስታችንንም አየን። «ሐጂ» አለ፣ «አምና ደባርቅ አይበርድም ብለኸኝ ነበር። የደባርቁ ሰው ግን ኮቱን እስከዚህ ድረስ ይዞት መጣ፤ ሊገድለው ነበር።»

«እውነት ነው» አልሁ። ሌላ ምን እላለሁ? «ይበርዳል። ጠዋትም ቀንም ማታም ይበርዳል። ውሃው በሌሊት ይረጋል። ልጅህን ስጠኝ ብዬ ነው የመጣሁ፤ ትላንት የነገርከኝን ከሰማሁ በኋላ ግን አፌ አይከፈትልኝም።»

ሐጂ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። ሽማግሌ ለጠላቱ ሲከራከር አይተው አያውቁም።

አያ ተገኘ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ። ከቤቱ ጥላ ስር ወዳለው የጠፍር አልጋ ወስዶ አስቀመጠኝ። «አይሆንም» ብል አልሰማኝም። ከዚያ ተመልሶ ሄደ፤ ከግድግዳው በትሩን አነሳ፤ በቄስና በሐጂ መሀል፣ እኔ በቆምሁበት ቦታ ላይ ቆመ። ፀሐይዋ ፊቱ ላይ ናት።

«እኔ ሽማግሌ ልኬ አላውቅም፤ ዛሬ ራሴን ልኬያለሁ» አለ። «አባት፣ አንድ ልጅ እንዳለዎት ነግረውኛል። ልጄን ለልጅዎ ሰጥቻለሁ። እኔ ደግሞ ልጅዎን ለዚህ ቤት እጠይቅዎታለሁ። እዚሁ ይሁን። ከጓሮው በላይ ቤት ይሥራ፣ ይረስ፣ ይህን ወንዝ አብሮኝ ይይ። ለጥምቀት፣ ለፋሲካ ይመጣልዎታል። እሺ ካላሉኝ አልቀመጥም።»

ሐጂ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ፤ ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ፣ ለማን እንደሚያሳዩት ግን ግራ ገባቸው። ሦስቱም ቆመው እኔን ያያሉ። በሽምግልና ዘመኔ ሁሉ ቆሜ ነበር የለመንሁ፤ ተቀምጦ የሚለምንን መስማት ይኸን ያህል እንደሚከብድ የነገረኝ ሰው የለም። ልጄን ለሙቀት አልሰጥም ልል አፌን ከፈትሁና ዘጋሁት። ያቺ አዲስ የተለሰነች ክፍል ታየችኝ። ከዚያ አማረ አምና ለጥምቀት ደባርቅ ሲመጣ ታየኝ፤ ከእኔ ጎን እሳት ዳር ቁጭ ብሎ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ ሳቅ እያስመሰለ ሲደብቀኝ። የቆላ ሰው ከሆነ ቆይቷል። እኔ ነበርሁ ያላየሁት።

አለቀስሁ፣ አልደብቃችሁም። ፊቴን በጀለቢያው እጅጌ ጠረግሁና «ተቀመጡ» አልኋቸው።

ቄስ ጥሩነህ እግራቸው ዝሎ ስለነበር ቃሉን ሳልጨርሰው ተቀመጡ። ሐጂም ተከተሉ። አያ ተገኘ ግን ቆሞ ቀረ። «ከልብዎ ነው?» አለኝ።

ከአልጋው ላይ ፈቀቅ ብዬ አጠገቤ ቦታ ለቀቅሁለት።